ለከንፈር የሚሆን ስልክ

ጆሮዋ ለማይሰማ ሴት ድምፁ የሚያስተጋባ ስልክ መግዛት፣ ዓይኑ ለማያይ ሰው ትልቅ መስታወት ገዝቶ ግድግዳው ላይ እንደ መስቀል ነው። ይህን ለእታለም ልጅ ማን ይንገረው? ልጁ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሽቦ ከሽቦ ሲያገናኝ ተሳስቶ አያውቅም፤ የእናቱ ነገር ሲሆን ግን ልቡ ይቀድምና ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰሞኑን ስልክ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ እየገባ «ድምፁ ከፍ የሚለው የትኛው ነው?» ሲል ከረመና፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «አገኘሁልሽ እማዬ፣ ድምፁ ሰፈር ይቀሰቅሳል» አላት።

«እኔንስ ይቀሰቅሰኛል?» አለችው።

ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አፈረ። እውነትም ጉድ ነው፤ ዕድሜ ልኩን አብሯት ኖሮ እንኳ እናቱ እንደማትሰማ አንዳንዴ ይረሳዋል። የሚረሳውም ወዶ አይደለም፤ የሚላትን ሁሉ ከአፉ ላይ እየለቀመች ስለምትመልስለት ነው።

እታለም እውነተኛ ስሟ አይደለም። ታናሽ እህቷ አፏን ስትፈታ የጠራቻት በዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከወለደችው ልጅ በቀር ሰፈሩም የሥራ ባልደረባውም እታለም ነው የሚላት። ታናሽየዋ ደግሞ ሚጢጢ ናት። ሚጢጢ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፣ ወገቧም ሰፍቷል፤ ቅጽል ስም ግን አንዴ ከተጣበቀ ሰው ቢያረጅም አይለቅም።

ሁለቱም ገና በልጅነታቸው ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ገቡ። ሽመና ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ጫጫታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። መኪናዎቹ በረድፍ ቆመው መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲያላጉት ወለሉ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል፤ አጠገብህ ላለ ሰው ብትጮህ የራስህንም ጩኸት አትሰማውም። ታዲያ ያን ያህል ሴት አንድ ክፍል ውስጥ ታጉሮ ሳያወራ ይውላል? አይሆንም። የሽመና ክፍል ሴቶች በከንፈር ያወሩ ነበር። ድምፅ የሚባል የለም፤ ቃሏን በአፋቸው ቅርጽ ብቻ፣ ከንፈር ከፈት፣ ምላስ ብቅ፣ ጉንጭ ሰብሰብ እያደረጉ ቁልጭ አድርገው ይሠሯታል። ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ ማን እንዳረገዘች፣ የማን ባል ደመወዙን የት እንዳደረሰው፣ ሁሉ ነገር በዚያ ያልፋል። አለቃቸው በመካከላቸው እየተንጎራደደ ስለ ራሱ ይታማል፣ ነገር ግን ምንም አያውቅም። እታለምና ሚጢጢ መኪናቸው ፊት ለፊት ነበር። የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ እንኳ ጣታቸው ለብቻው ይሠራል እንጂ ዓይናቸው አንዷ ከአንዷ አፍ አይነቀልም ነበር።

ያ ጫጫታ የእታለምን ጆሮ በላው። ቀስ እያለ ስለ በላው መቼ እንደ ጨረሰው እንኳ አታውቅም። የሚጢጢን ጆሮ ግን ምሮታል፤ ለምን እንደማረው ሐኪምም አልነገራቸው። እታለም ለዚህ ነገር አልቅሳ አታውቅም። ፊቱን ወደ እሷ ያዞረ ሰው የሚለውን ሁሉ ታነባለች፤ ጀርባውን የሰጣትን ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ትለዋለች። ይህን ማንም ከእሷ በተሻለ አይችልበትም ብላ ራሷ ትቀልድበታለች።

ሚጢጢ ስታገባ ባሏን ተከትላ አውቶቡስ አድሮ ወደሚገባበት ሩቅ ከተማ ሄደች። ሁለቱ በየጊዜው እየተጠያየቁ፣ ሲገናኙ ለሳምንት ያህል አፍ ለአፍ ገጥመው እያወሩ ዘመናቸውን ገፉ። እታለም ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ግን ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ መድረሷም ተመስገን ነው። እንዲያ ባለችበት ነው የሚጢጢ መርዶ የመሰለ ወሬ የመጣው። ጉሮሮዋን ክፉ በሽታ ያዛት። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉላት፤ ድምፅ ማውጫዋን ግን ቆርጠው አወጡት። አሁን አንገቷ ላይ በከፈቱላት ቀዳዳ ትተነፍሳለች እንጂ አንዲት ቃል አታሰማም። ትጻፍ እንዳይባል እህትማማቾቹ ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም፤ ልጅነታቸው ያለቀው ክር ሲቀጥሉ ነው።

የሚጢጢ ልጅ ለእታለም ልጅ ደውላ፣ እንባ እየተናነቃት፣ «እናቴ አንድ ነገር ትለኛለች» አለችው። «ሁልጊዜ ያንኑ ነገር። ውሃ ነው እላታለሁ፣ አይደለም። ትራሱ ነው እላለሁ፣ አይደለም። ጎረቤት ሁሉ ገብቶ ሞከረ። አሁንማ ተስፋ ቆርጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውለው። እንዲህ እንዳለች ብታልፍብኝስ? ምን እንዳለችኝ ሳላውቅ ልቀር ነው?»

ልጁ ይህን ለእታለም ነገራት። እህቷ እንዳትሞት የሚሆነውን ሁሉ ሐኪም አድርጓል፤ እህቷ በሕይወት እያለች እንደ ሞተ ሰው እንዳትቀር ማድረግ ግን የሐኪም ሥራ አልነበረም።

«ከንፈሯን አሳዩኝ» አለች። «እኔ ብቻ ከንፈሯን ልያት፣ የምትለውን እነግራችኋለሁ።»

የእሷ ስልክ ቁልፍ ያለው አሮጌ ነው፤ የምትይዘውም ሰዓት ለማየትና መብራት ሲጠፋ ለመንገድ ማብሪያ ነው። የልጇ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር የሰው ጣሪያ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ ማታ ሲገባ ባትሪውም ባለቤቱም ደክመው ነው። ስለዚህ ይገዛ ተባለ። የልጇ ባለ ትልቅ ድምፅ ስልክ ነገር ሲከሽፍ ደግሞ፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለችና ምርኩዟን ይዛ ራሷ ሱቅ ሄደች።

ባለሱቋ ሳቂታ ሴት ናት፤ ጥፋቷ ቢኖር መሳቢያ ውስጥ አጎንብሳ እየፈለገች ማውራቷ ነው። እታለም «የኔ ልጅ፣ ፊትሽን ወደ እኔ» ስትላት ነገሩ ገባትና ከዚያ በኋላ አንገቷን አቅንታ፣ አፏን ከፈት እያደረገች ታወራላት ጀመር። በያዙት ገንዘብ የሚገዙ ሦስት ስልኮች አውጥታ መስታወቱ ላይ ደረደረችላቸው። እታለም ግን ዋጋቸውን አልጠየቀችም። ሦስቱንም ተራ በተራ አንስታ የፊት ካሜራቸውን አስከፈተችና፣ ስልኩን በክንዷ ልክ ይዛ፣ ያለ ድምፅ ታወራባቸው ጀመር። ሱቅ ውስጥ የነበረ ሌላ ገበያተኛ ሴትዮዋ ጸሎት የያዘች መስሎት ቆቡን አወለቀ።

የመጀመሪያው ልጇ የወደደው ነው። ባትሪው ሁለት ቀን ይሄዳል፣ ድምፁም እንደ ተባለው ነው። «ይኼ ጯሂው ነው» አለች እታለም። «ካሜራው ግን ፈዛዛ ነው። ጥርሴና ከንፈሬ አንድ ላይ ተለጠፉ። ይለፍ።»

ሁለተኛው የሚያብረቀርቅ፣ ስሙ የታወቀ፣ ከሦስቱም ውዱ ነው። እታለም ገና ስታየው ደነገጠች። ግንባሯ ላይ ያሉት መስመሮች የሉም፤ ጉንጯም እንደ ሙሽራ ጉንጭ ለስልሷል።

«አዩት እናቴ፣ ሃያ ዓመት ቀነሰልዎ» አለች ባለሱቋ።

«የቀነሰውን የት አደረሰው? ከንፈሬንም አብሮ ይዞት ሄዷል እኮ።»

እውነቷን ነበር። ስልኩ ፊት ያሳምራል፤ ሲያሳምር ደግሞ አፍ ዙሪያ ያለውን ሽብሽብ ሁሉ ይጠርጋል። ቃል የሚጻፈው እዚያ ሽብሽብ ላይ መሆኑን የሠራው ሰው ከየት ይወቀው? ባለሱቋ ማሳመሪያውን አጠፋችላት፤ ያም ሆኖ ጥቂት ቅባት ቀረበት። እታለም «አሞጋሽ ነው፣ አልወደውም» ብላ መለሰችው።

ሦስተኛው ጀርባው ፕላስቲክ የሆነ፣ ባለሱቋ ራሷ የሠሪውን ስም በቅጡ የማትጠራው፣ ከሁለቱም የረከሰ ስልክ ነው። ባለሱቋ ከመሸጧ በፊት ጉድለቱን ነገረቻቸው፤ ይህን ልጇ ኋላ ሲነግራት እታለም ወደደቻት። ሜሞሪው ትንሽ ነው፣ ከባድ ጨዋታ አይችልም፣ ጀርባው ቶሎ ይጫጫራል። እታለም ግን አልሰማቻትም፤ ማለቴ አላየቻትም። የራሷን ፊት እያየች ነበር። እያንዳንዱ ሽብሽብ በየቦታው አለ። ከንፈሯ ሲገጥም ይገጥማል፣ ምላሷ ጥርሷን ሲነካ ይታያል። «ይኼ አይዋሽም» አለች። «ይኼን ነው።»

ልጇም ደስ አለው፤ ከተመደበው ገንዘብ ተርፎት ከቨርና ቻርጀር ጨመረበት። እሷን ጨምሮ ሦስት ጤነኛ ሰው እዚያ ቆሞ፣ እታለም ቀኑን ሙሉ ስታነብ የዋለችው የራሷን ከንፈር መሆኑን አንዱ እንኳ ልብ አላለም።

ስህተቱ የገባቸው በማግስቱ ነው። ልጁ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በስኳር ዕቃ አስደግፎ በቪዲዮ ደወለ፤ የሚጢጢ ልጅ አነሳች፤ ስልኳን ወደ እናቷ አልጋ ወሰደችው። ስክሪኑ ላይ አንድ ብጫቂ ደመና መጣ። ደመናው ፀጉር አለው፣ አንገቱ ላይ ነጭ ነገር ታስሯል። ሚጢጢ ናት። የሚጢጢ ልጅ ስልክ አርጅቶ ካሜራው ጭጋግ ለብሷል፤ በዚያ ላይ መስኮቱ ከሕመምተኛዋ ጀርባ ነው።

በዚያኛው በኩል ግን ሚጢጢ እታለምን ጥርት አድርጋ አየቻት። መቼም ካሜራው ጎበዝ ነው። ደመናው ተንቀሳቀሰ፤ ቀና አለ፤ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመረ። ወራት የታመቀ ወሬ እየወጣ እንደሆነ ከአንገቷ እንቅስቃሴ ያስታውቃል። እታለም ግን አንዲት ቃል አልያዘችም። ተወልዳ ካደገች ጀምሮ የእህቷ አፍ ተዘግቶባት አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ተዘጋባት።

አሁን ያደረገችውን ነገር እስከ ዛሬ ስታስበው ያማታል። ራሷን ነቀነቀች። «እሺ፣ እሺ ሚጢጥዬ» አለች። ሰዎች ሳይገባቸው ለእሷ ሲነቀንቁላት ስንት ጊዜ ተናዳለች። ያንኑ ራሷ ለእህቷ አደረገችው። ሽመና ክፍል ያደገችን ሴት ደግሞ በዚህ ማታለል አይቻልም፤ የማይነቀነቅበት ቦታ ላይ ነቅንቃለች። ደመናው ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ስልኩ ተዘጋ። አንድ ተስፋ ነበረች ለሚጢጢ፣ እሷም ነቀነቀችላት።

«እንመልሰው» አለ ልጇ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ። «የተሻለ ካሜራ ያለው እንጨምርበትና እንግዛ። ብድርም ቢሆን እገባለሁ።»

«ካሜራው ምን አደረገ?» አለችው። «እሷ እኮ አየችኝ። ምን የመሰለ አድርጋ ነው ያየችኝ።» ይህን ብላ አፏ ክፍት እንዳለ ቀረ። ዓይኗ ከልጇ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ልጇ ተመላለሰ። «የኔን ከንፈር ማን ሊያነበው ነው? እሷ ጆሮዋ ይሰማል። እኔ አፌን ከፍቼ ብናገር ይበቃታል። መታየት ያለባት እሷ ናት። ስልኩ የሄደው ወደ ተሳሳተው እጅ ነው።»

ልጁ ነገሩ ቶሎ አልገባውም። ሰው ለራሱ ብሎ፣ በራሱ ዓይን መርጦ የገዛውን ዕቃ ገና ሽታው ሳይለቅ ለሌላ የሚልክበት ምክንያት አልታየውም። «አንቺስ በምን ልታያት ነው?» አላት።

«ለማየት ካሜራ ያስፈልጋል? የሚያስፈልገኝ ስክሪን ነው።»

እንደገና ሱቅ ሄዱ። ባለሱቋ ታሪኩን ስትሰማ መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገች፤ «እኔም እዚሁ ቆሜ ነበር እኮ» አለች። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ያገለገለ ስልክ አወጣች። ስክሪኑ ሰፊና ጥርት ያለ ነው፣ ማይኩ ይሠራል፤ የፊት ካሜራው ግን ወድቆ ስለ ተጎዳ ፊት አደብዝዞ ነው የሚያሳየው። «ይኼን ማንም አይወስደውም» አለች። «ሰው ስልክ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ፊት ነው።»

«እኔም እንደዚያው አድርጌ ነው የተሞኘሁት» አለች እታለም፣ እና በርካሽ ወሰደችው። እውነት ለመናገር ከዚያ ሁሉ የስልክ መዓት ውስጥ ለእሷ የተሠራ የሚመስለው እሱ ነበር።

የማይዋሸውን ስልክ የልጇ ጓደኛ የሆነ የአውቶቡስ ሾፌር ወሰደላቸው። እታለም ከስልኩ ጋር አንድ ትእዛዝ ላከች፤ አልጋው ይዙር፣ መስኮቱ ከሚጢጢ ፊት ለፊት ይሁን። ሽመና ክፍል ብርሃን ፊት ላይ ካልመጣ ወሬ የለም።

ስልኩ በደረሰ ቀን ልጇ ሥራ አልሄደም። ያገለገለውን ስልክ ያዘላት። ስክሪኑ በራ። ሚጢጢ ናት። ከስታለች። ጉንጯ ገብቷል፣ የአንገቷ ጨርቅ ንጹሕ ነው፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ሳይቀር ይታያል። ከንፈሩ ተከፈተ።

«እታለም» አለ።

«አለሁ» አለች እታለም፤ እንባ ዓይን ይጋርዳል ብላ ዋጠችው። «አሁን አየሁሽ። ያን ዕለት የነቀነቅሁት ውሸቴን ነው፤ አንዲት ቃልም አልገባችኝም ነበር።»

«አውቄአለሁ» አለች ሚጢጢ። ቀጥላም፣ በዚያ በድሮው አኳኋን ቃሏን አንድ በአንድ እየሠራች፣ «እነዚህን ሰዎች አይጩሁብኝ በያቸው። ጉሮሮዬን ነው እንጂ ጆሮዬን አልቆረጡኝም» አለች።

እታለም ሳቋ አመለጣት። ለእህቷ ልጅ የተባለችውን ነገረቻት። ልጅቱ ከእናቷ ትከሻ ጀርባ ብቅ ብላ አፏን በእጇ ያዘች፤ ወራት ሙሉ ስትጮህባት ከርማለች። «እማ፣ ያ ሁልጊዜ የምትዪኝ ነገር ይኼ ነበር?» አለች።

ሚጢጢ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ለአፍታ ወደ መስኮቱ አየች። ከዚያ ወደ እታለም ተመልሳ፣ አሁን ከንፈሯ እየፈራ፣ «ድምፄ ጠፋብኝ» አለች። «በሐሳቤ እንኳ ስናገር የኔ አይመጣም፣ የሌላ ሰው ነው የሚመጣልኝ። ምን ይመስል እንደነበር ረሳሁት። እነሱም እንዳይረሱት ፈርቼ ነው ታስታውሱታላችሁ እያልኩ ስጠይቃቸው የኖርሁት። አንቺ ታስታውሺዋለሽ?»

እታለም የተባለችውን ለልጅቱ በቃሏ ደገመችላት። ልጅቱ ግንባሯን ከእናቷ ትከሻ ላይ ደፍታ ቀረች። የእታለም ልጅም ስልኩን እንደያዘ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። ሚጢጢ ግን ዓይኗን ከእታለም አልነቀለችም፤ መልስ ትጠብቃለች።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ደግነትም ይመስል ነበር። እታለም ግን አንዴ ነቅንቃ አይታዋለች።

«አላስታውሰውም» አለቻት። «እኔ ድምፅሽን የረሳሁት ድሮ ነው፣ ፋብሪካ እያለን። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተጣላን፣ ታረቅን። ባልሽ ሲሞት ሌሊቱን ሙሉ አውርተሽልኛል። ስትሰድቢኝም ኖረሻል፣ አፍሽ መቼም አይጣል ነው። ይኼን ሁሉ አንድም ቀን በድምፅ አልሰማሁትም፤ ግን አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። አንቺ ዛሬ ድዳ ሆንኩ ትያለሽ። እኔ የማውቃት ሚጢጢ እንደዚህ ሆና ነው ስታወራኝ የኖረችው። ለእኔ ምንም አልተቆረጠብሽም።»

ሚጢጢ እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል አልጠረገችውም። በኋላ ልጇን በክርኗ ገፋ አድርጋ ትራሱን ከፍ አስደረገችና ቀና ብላ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ወንበርሽን አቅርቢ» አለች በከንፈሯ። «ብዙ ወሬ ተጠራቅሞብኛል።»